የሚቆረጠም ብርሌ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ያሉት አበው፣ ከረሜላ አቅልጦ ብርጭቆ የመሥራት ጥበብ ሳይደርስላቸው ቀርቶ ነው። ዛሬ የነቃውን ቆርጥሞ መዋጥ ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው ይላሉ፦ ከረሜላውን ማቅለጥ፣ ዘይት በተቀባ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ፣ ሲቀዘቅዝ ማውጣት። ስኳሩ 150 ዲግሪ ገደማ ይድረስ የሚለው ትእዛዝ ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል። ስኳሩን 142 ገደማ ሲደርስ ያላወረደ፣ ከልክ በላይ ይበስልበታል።

እሺ፣ ብርጭቆው ተሠራ እንበል። የላሊበላ ሰው ጠጅ ይዞ ይጫወታል እንጂ በአንድ ትንፋሽ አይጨልጥም። ወሬው ሳይጋመስ የብርጭቆው አፍ ይሳሳል፣ ጣት ይጣበቃል፣ ለበዓል የወጣው ነጭ ነጠላ ላይ የከረሜላው ቀይ ቀለም ጠብ ይላል። ደግሞ ጠጅ ላይ ስኳር መጨመር የሚያሳማ ማጭበርበር ነበር፤ አሁን ዕቃው ራሱ ይጨምርልናል፣ ማንም ሳይታማ።

ለታኅሣሥ 29 ድግስ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከረሜላውን ለልጆች አድሉ፤ ጠጁን በብርሌ፣ ጠላውን በዋንጫ ቅዱልን።