ዝናቡን ወክዬ ለፈረምሁበት ጽሕፈት ቤት

ለተከበረው የከተማ ልማት ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፈቃድ ሳያወጣ ስለወደቀ ግድግዳ

ክቡር ጽሕፈት ቤት ሆይ፣ የከተማዎን ስም እዚህ ላይ አልጠቅስም። ሆሳዕና ይሁኑ ዱራሜ፣ ሾኔ ይሁኑ ሺንሺቾ፣ አንጋጫ ይሁኑ ሀደሮ ለራስዎ ይታወቃል። ስምዎን የሸሸግሁት ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ከሐዲያም ከከምባታም ያነበበኝ ሁሉ «ይሄማ የእኛው ነው» እያለ እንዲሻማብዎት ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ክብር ለማንም አይገኝም።

ቤቴን ያውቁታል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ከቀበሌ የተመራሁበት ቦታ ላይ፣ በ1979 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ ጭቃውን በእግራችን አብኩተን የሠራነው ባለ ሃምሳ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከኋላው እንሰት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ለጡረታዬ መደጎሚያ የማከራያት አንዲት ክፍል። ሕዝቡ ዛሬም «ጣሪያና ግድግዳ» የሚለውን ግብር አንድም ዓመት አላስተጓጎልሁም። ደረሰኞቹን በየዓመተ ምሕረታቸው ደርድሬ በክላሰር አስቀምጫለሁ። ጡረታ የወጣ መምህር ሌላ ምን ሥራ አለው?

የተከራይ ክፍሏ ግድግዳ ወደ ውጭ ማዘንበል ሲጀምር፣ እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ የዕድሳት ፈቃድ ልጠይቅ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። መሐንዲስዎ ፕላኑን ዘርግቶ በእርሳሱ ጫፍ ክፍሌን ነካት። «መንገድ ነው» አለኝ። ባለ አሥራ አምስት ሜትር መንገድ በተከራዬ አልጋ ላይ ያልፋል። ማደስ ክልክል ነው። «እንግዲያው ካሳዬን ስጡኝና ልነሣ» አልሁት። በጀት አልተያዘለትም። «መቼ ይያዛል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ ይሄ ፕላን እንጂ ፕሮጀክት አይደለም» አለኝ። ትሑት ልጅ ነበር፤ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንደሚያገለግልና ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲወያይበት ይላል። የእኔ መንገድ ከዚህ ዕድሜ በላይ ኖሯል። የተወያየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ምናልባት ያን ዕለት ተኝቼ ይሆናል።

በነሐሴ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ግድግዳው ወደቀ። ጌታ ይመስገን፣ ተከራዬ መስክ ወጥቶ ነበር። በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ዋና መቀመጫው ስትሆን፣ ቢሮዎቹም በየከተማው ሲከፋፈሉ ወደ አካባቢያችን ከመጡት ሠራተኞች አንዱ ነው። የኪራይ ውሉንም እርስዎ ዘንድ አስመዝግበን በክብ ማኅተምዎ አጽድቀውልናል። መንገድ ላይ ያለች ክፍል እንዴት እንደምትከራይ ያን ጊዜ አልጠየቁንም።

ረፋዱ ላይ ደንብ አስከባሪዎችዎ ደረሱ። ለዓመታት «ኑና እዩልኝ» ብዬ ያጣኋቸው ሰዎች ጭቃው ሳይደርቅ ከበሩ ቆሙ! «ማን አፈረሰው?» ብለው ጽፈው ሄዱ። ክሱም ያለ ፈቃድ ማፍረስ ሆነ። በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሕንፃ አዋጁ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ዝናቡ ሊያነበው ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ክቡር ኃላፊዎ ቢሮ እንግባ፤ እዚያ ቆየት ብል ይፈቅዱልኛል።

በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ተሰላፊው እስከ ደረጃው ድረስ ቆሟል። ከኃላፊው ጀርባ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ፀሐይ ስለበላው «ፈጣን» የሚለው ብቻ ይነበባል። ለእንግዳ የተቀመጠችው ወንበር ላይ ፋይል ተከምሮባታል፤ ስለዚህ ቆምሁ። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል ጀመረ።

«አንተ ነህ ግድግዳ ያፈረስከው?»

«አላፈረስሁም። ዝናብ ነው የጣለው።»

«ማስረጃ አለህ?»

ነበረኝ። ይህን ጥያቄ ፈርቼ ከቀበሌ አጽፌ ነበር የሄድሁት። ወረቀቱን ተቀበለኝና፣ በር ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ቀበሌያችን ጥንቁቅ ነው፦ በዕለቱ ከባድ ዝናብ እንደነበረ እያረጋገጠ፣ ሆኖም ዝናቡ ግድግዳውን ሲጥል በዓይኑ ያየ የአስተዳደር አካል እንደሌለ ይገልጻል። ሰልፉ ሳቀ። ኃላፊው ሳቁ ደስ አለውና ስልኩን አስቀመጠ።

«ልጆች አሉህ?»

«አሉኝ።»

«የት?»

«አንደኛው ጆሃንስበርግ ነው።»

ፊቱ በራ። «እንዲህ በላ! የጆበርግ አባት በጭቃ ቤት ይኖራል? ፎቅ ልትሠራ አስበህ ነው ሆን ብለህ የጣልከው!» ሰልፉ እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ የቅጣቱን ልክ ነገረኝ፤ ሦስት ሺህ ብር። ቀጥሎ ባዶ ወረቀት ገፋልኝና የግዴታ ቃሌን በቃሉ ያስጽፈኝ ጀመር፤ ለሁለተኛ ጊዜ በይዞታዬ ላይ ያለ ፈቃድ ግድግዳ እንዳይወድቅ ግዴታ መግባቴን የሚገልጽ። ከመጀመሬ በፊት ግን ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ያውቃሉ? የቀለም ሳጥኑን ወደ እኔ እየገፋ፣ «መጻፍ ትችላለህ ወይስ በጣትህ ትፈርማለህ?» አለኝ። የሠላሳ አራት ዓመት የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ክቡር ጽሕፈት ቤት። አርፍደው ለሚመጡ ልጆች «ሁለተኛ አይለመደኝም» እያልሁ ሳስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንደ እነርሱ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። እሱ ያስጻፈኝ ላይ የነበሩትን ሁለት የሰዋስው ግድፈቶች ግን አርሜአቸዋለሁ።

በዚህ ጨርሼ በሰላም ልሰናበት አስቤ ነበር። ግን የጆበርግ ነገር አላስተኛ አለኝ።

ስማ እንግዲህ። የምትሳለቅበት ልጅ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን ያለፈው በጭነት መኪና ተደብቆ ነው። ብርድ ልብስ ተሸክሞ በየሰፈሩ እየዞረ በዱቤ ሲሸጥ ኖሮ፣ ዛሬ የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው። ከዚህ አገር ወጥተው እዚያ ሱቅ በር ላይ በጥይት የቀሩትን ታውቃቸዋለህ፤ ለቅሷቸው ላይ አብረን ተቀምጠናል። የላከልኝ የብሎኬትና የሲሚንቶ ብር፣ አንተ ፈቃድ ስለከለከልኸኝ ባንክ ተቀምጦ ሲረክስ አየሁት። ለያሆዴ በዓል መጥቶ የሚያርፍበት ክፍል እንዲኖረው ነበር የላከው። እና በሰው ፊት አጭበርባሪ ታደርገኛለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?

ይቅርታ ያድርጉልኝ። «እርስዎ» ልል ነበር።

የተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ በቴሌቪዥን እከታተላለሁ፤ ጡረተኛ ነኝ ብያለሁ። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲጸድቅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ሲባል ጥሩ ነው አልሁ። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። በዚያው ዓመት፣ ከ150 ሺህ ዶላር ያላነሰ ይዞ የመጣ የውጭ ዜጋ የቤት ባለቤት እንዲሆን ተፈቀደ። ልጄ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በመቅረቱ የሚቆጨኝን ያህል ምንም አይቆጨኝም፤ ፈረንጅ ሆኖ ቢመጣ ወንበሯ ላይ ያለውን ፋይል ያነሡለት ነበር። የተከበሩት እንደራሴዎች ክርክራቸውን በቁምነገር ነው የሚያካሂዱት። አዋጁ ግን ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ በቡታጅራና በወራቤ በኩል አድርጎ እርስዎ ኮሪደር ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው እኔ ነኝ የማየው።

ምን እንደሚገጥመው ላጫውትዎ። ቅጣቱን ከፍዬ ስወጣ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ወዳለው የገቢ መስኮት ጎራ አልሁ። ግድግዳው ስለሌለ ዘንድሮ የጣሪያውን ብቻ ልክፈል ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አይታ፣ «ሲስተሙ ላይ ግድግዳዎ አለ» አለችኝ። ሙሉውን ከፈልሁ። እንግዲህ በፕላን ክፍልዎ ግድግዳዬ መንገድ ነው፤ በደንብ ማስከበር ክፍልዎ እኔ ያፈረስሁት ነው፤ በገቢ ክፍልዎ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሦስቱ መስኮቶች አንዱ ከሌላው ብዙም አይርቁም። ለመክፈል ስመጣ ቤት አለኝ፤ ለመጠገን ስመጣ የለኝም።

ሌላውን አላነሣም። በቤት ማኅበር ተደራጅተው ቦታ ሲጠብቁ ጎልማሳ የሆኑትን ወጣቶች፣ በዶዘር የሚናዱትን የጨረቃ ቤቶች፣ ደመወዝተኛ የማይጠጋውን የሊዝ ጨረታ፣ ለኮሪደር ልማት የተነሡትን አላነሣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 መኖሪያ ቤትን ሲጠቅስ «አቅም በፈቀደ መጠን» ብሎ ስለሆነ፣ የእርስዎን አቅም አውቃለሁ።

የምለምንዎት ጥቂት ነው። መንገዱን የሚፈልጉት ከሆነ ቀያሽ ይላኩና ችካል ይትከሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እንደሚለውም ከመነሣቴ በፊት ለቤቱም ለእንሰቱም ካሳዬን ይክፈሉኝ። ካልፈለጉት የዕድሳት ፈቃዴን ይስጡኝ፤ ብሎኬቱን በልጄ ብር እኔው እገዛለሁ። ዝናቡን ወክዬ የፈረምሁት ወረቀት ደግሞ ከፋይሌ ወጥቶ በእጄ ይመለስልኝ። መልስዎን ሰኔ ሳይገባ እፈልጋለሁ። ከቀሩት ሦስት ግድግዳዎች አንዱ፣ ክፍሏ ከቤታችን ጋር የምትጋራው፣ ማዘንበል ጀምሯል፤ ከሥሩ የምንተኛው እኔና ባለቤቴ ነን።

ከሰላምታ ጋር