ጌሾው ላይ ያለፈ ወሰን

የባህር ዛፍ አጥር የደብረ ማርቆስን ክረምት ስንቴ ይችላል ብለህ ነው ወዳጄ? እግሩን ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ የተረፈውን ምስጥ ይበላዋል፣ ከጮቄ የሚወርደው ንፋስ ደግሞ ያንጋድደዋል። የእኛም ተንጋዶ ተንጋዶ እማማ ጓሮ ላይ ተኛ። እማማ የምላቸው ጎረቤታችንን ነው፤ እኔ ስወለድ እናቴን ያረሷት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ በብሎኬት ላጥር ብዬ ተነሣሁ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንባታ መጀመር ክልክል ነው። ደግ ነው እላለሁ፤ መተላለፊያ የሚዘጋው፣ የጎርፍ መውረጃ የሚደፈነው በዘፈቀደ አጥር ነው። ካርታና ሳይት ፕላኔን ይዤ አመለከትኩ፤ ቀያሹ መጣ፣ የሜትሩን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ሲለኝ ስሄድ ስሄድ እማማ ጌሾ መካከል ገባሁ። «እዚያው፣ እንዳትነቃነቅ!» ይህን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ቀያሹ ዛፍ ሥር ተጠግቶ ይጽፋል፣ እኔ ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ውጦት ቆሜያለሁ፣ የሰፈሩ ልጅ ተሰብስቦ ያያል። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ጌሾዬን ልትለካ መጣህ?»

ምን ልበል? ሜትሩን እንኳ መልቀቅ አልችልም።

በወረቀቱ ወሰኑ ጌሾው ላይ ያልፋል፤ መሬቱ የእኔ ነው። ግን የእኔ ሠርግ ጠላ የተጠነሰሰው በዚያው ጌሾ ነው፣ የአባቴም ተዝካር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከመልካም ጉርብትና አልፎ እንዳያውክ ሲከለክል የአገሩን ልማድ እዩ ይላል። ለእርቅ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብለው ጀመሩ፤ አጥሩ ወደ እኔ ገባ ብሎ ጌሾውን እንዲያልፈው፣ ለቡና መጠራሪያ የምትሆን ትንሽ በርም እንድትተውለት ተስማማን።

ፈቃድ ሰጪዎቹ አልተቃወሙም፤ ብቻ በሯም ጥምዝምዙም ፕላኑ ላይ ይሣሉ አሉ። ትክክል ናቸው፣ ነገ ልጆቻችን እንዳይጣሉበት። አሁን ፕላኑን የሚሥለው ባለሙያ የሚጠብቀው በሯ ወደ ማን ግቢ እንደምትከፈት ነው። እማማ መቀርቀሪያው በእኔ በኩል ይሁን ብለዋል፤ እኔ እሺ ብያለሁ፣ ባለቤቴ ግን ገና ናት።