ደፉ ይደፋል

(አውሮራ፣ ኮሎራዶ። የካቲት ነው፤ በረዶው ጫማ ይውጣል። ጋሽ ንጉሤ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቡና በፕላስቲክ ስኒ ይዘው ቆመዋል። ቢኒያም ትራኩን እያዘገመ ይገባል።)

ቢኒያም፦ ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! መኪናው በሰዓት 5 ማይል ላይ ቆለፈብኝ። ከሀይዌይ ወርጄ እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዲት አሮጊት ውሻዋን እያናፈሰች ቀደመችኝ። እጇንም አውለበለበችልኝ!

ጋሽ ንጉሤ፦ 5 ማይል ምን አላት? በኤንትሬ የጭነት መኪና የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ረዳቱ ወርዶ ሽንቱን ሸንቶ ይደርስብን ነበር። መብራት አልበራብህም?

ቢኒያም፦ ኧረ ምንም።

(ጋሽ ንጉሤ ጋቢና ይገባሉ።)

ጋሽ ንጉሤ፦ ይሄ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ዳሽቦርዱ ላይ ምን ይሠራል?

ቢኒያም፦ ለጥበቃ ነው።

(ጋሽ ንጉሤ ሥዕሉን ተሳልመው ቀስ ብለው ያነሡታል። ከሥሩ አንድ ብርቱካናማ፣ አንድ ቀይ መብራት ቦግ ብለዋል።)

ጋሽ ንጉሤ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ቢኒያም፦ ከገና።

ጋሽ ንጉሤ፦ ከኛው ወይስ ከፈረንጁ?

ቢኒያም፦ ከፈረንጁ።

ጋሽ ንጉሤ፦ አንተ ልጅ፣ ገብርኤል እኮ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ ነው! እሳት ያበርዳል። ያንተ የጥቀርሻ ማጣሪያ ደግሞ የሚድነው በእሳት ነው፤ 600 ዲግሪ ገደማ ካልጋለ ጥቀርሻው አይቃጠልም። መኪናው ይህን ማቃጠል፣ ሪጀኑን፣ ሲጠይቅህ ምን ታደርጋለህ?

ቢኒያም፦ አጠፋዋለሁ። 40 ደቂቃ ቁም ይለኛል፤ ማን ጊዜ አለው?

ጋሽ ንጉሤ፦ ሌሊቱንስ?

ቢኒያም፦ ሌሊቱን ሞተሩ አይጠፋም። ብርድ ነው፤ ደግሞ አዲስ አበባ እደውላለሁ።

ጋሽ ንጉሤ፦ 10 ሰዓት ሙሉ ቆመህ ጥቀርሻ ለማጠራቀም ጊዜ አለህ፤ ለማቃጠል ግን 40 ደቂቃ የለህም። ደፉስ፣ ጭሱን የሚያጸዳው ፈሳሽ?

ቢኒያም፦ ረግቶ መሰለኝ... ሙቅ ውሃ ጨመርኩበት።

ጋሽ ንጉሤ፦ (ቡናቸውን ያስቀምጣሉ።) ምን ጨመርክበት?

ቢኒያም፦ አብዛኛው ውሃ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።

ጋሽ ንጉሤ፦ ነው፤ 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ። የጭሱን መርዝ ወደ ናይትሮጅንና ወደ እንፋሎት የሚለውጠው በዚያ ልክ ነው። ከዜሮ በታች 11 ላይ ይረጋል፤ ይርጋ! ጋኑ ማሞቂያ አለው፣ ያቀልጠዋል። አንተ ጠላውን ቅራሪ አደረግኸው። ሴንሰሩ ደግሞ ቅራሪ አይጠጣም።

ቢኒያም፦ ጋሼ፣ ሁሉንም ነቅሎ ኮምፒውተሩን የሚያታልል ልጅ አለ ይላሉ። ለምን አናስነቅለውም?

ጋሽ ንጉሤ፦ ጭነትህ የት ነው የሚራገፈው?

ቢኒያም፦ ካሊፎርኒያ።

ጋሽ ንጉሤ፦ (እያሳላቸው ይስቃሉ።) ካሊፎርኒያ! በፈረንጅ ከ2025 ጀምሮ የሌላ ስቴት ታርጋ ብትለጥፍም በዓመት 2 ጊዜ ታስመረምራለህ። ያንተን ለመሰለ መኪና በ2027 ከኦክቶበር ጀምሮ 4 ጊዜ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩን ሰክተው ያነቡታል። መንቀሉን ደግሞ የፌዴራሉ ሕግም ይከለክላል።

ቢኒያም፦ እኛ አገር እኮ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል።

ጋሽ ንጉሤ፦ አውቃለሁ። 20 ዓመት ከኋላው ሆኜ የዋጥኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሳል ከየት የመጣ መሰለህ?

(ዝም ይባባላሉ። ቢኒያም ቡናውን አንሥቶ ያቀብላቸዋል።)

ቢኒያም፦ እሺ፣ አሁኑኑ ሪጀን ላድርግ?

ጋሽ ንጉሤ፦ ጥቀርሻው ይቃጠላል እንጂ አመዱ አይቃጠልም። አመዱ ከሞተር ዘይት ነው የሚመጣው። የእናትህ ምድጃ አመዱ ሳይጠረግ ይነዳል?

ቢኒያም፦ ዋጋው ስንት ነው?

ጋሽ ንጉሤ፦ ማጣሪያውን ማጽዳት በመቶዎች፣ አዲስ መግዛት በሺዎች። እስከ ፋሲካ ብትቆይ በሺዎቹ ውስጥ ነበርክ።

ቢኒያም፦ እንግዲህ ምን ይሻላል?

ጋሽ ንጉሤ፦ ማጣሪያው ይወርዳል። ደፉ ይደፋል። ሥዕሉን ደግሞ ቤትህ ወስደህ ራስጌህ ላይ ስቀለው።