አስከሬኑ ደረሰ ወይ?

የካውቦይ ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። ይህን ስናገር የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ሽጉጡ ይሄዳል። ሲኒማ ቤት ተሰልፎ ያደገ ሰው የሚያስታውሰው «አክተሩ» ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ስቦ ጠላቶቹን አንድ በአንድ ሲጥል ነውና አልፈርድበትም። መጽሐፎቹ ግን ሌላ ናቸው። ከምርጦቹ መካከል ተኩስ የሚበዛባቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዛው መንገድ ነው፤ ከብት፣ ወንዝ፣ ጥማት፣ ብቸኝነት፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ለሌላው የገባው ቃል። እኔን ደጋግሞ የሚመልሰኝ ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ክረምት አባይ በረሃ ውስጥ አብረውኝ ያደሩ መንገደኞች ደግሞ ይህን ስሜቴን እኔ ከማውቀው በላይ አብራርተው አሳዩኝ።

ጉዞው በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ነበር። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን፤ ድልድዩንም ተሻገርን። ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ስንያያዝ ግን የቆሙ መኪኖች ሰልፍ ጠበቀን። ከላይ ዝናቡ ናዳ አውርዶ የመንገዱን ገሚስ ዘግቷል፤ ናዳውን ሊሸሽ የሞከረ ሲኖትራክ ደግሞ በቀረው ላይ አግድም ቆሟል። ወደ ኋላ እንዳንመለስ ከኋላችን የደረሱት መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ረዳታችን በእግሩ ወጥቶ አይቶ ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። «እስኪነጋ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም» አለ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ።

ደጋ የለመደ ሰው አባይ በረሃ ሲያድር ሙቀቱ ያስጨንቀዋል። መስኮት ሲከፈት ትንኝ ይገባል፤ ሲዘጋ አየር ያጥራል። ኔትወርክ የለም። ሕፃናት አለቀሱ። አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለሁላችንም አዞሩ፤ ውሃ የያዘም አካፈለ። ከጎኔ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ የጎጃም ሽማግሌ ነበሩ፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሰንብተው ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው፤ ደጀን ይወርዳሉ። የስልኬን መብራት አብርቼ መጽሐፌን ስገልጥ ጥቂት አዩኝና «ይህን የሚያህል መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው የሚያወራው ልጄ?» አሉኝ።

«ከብት ስለሚነዱ ሰዎች ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ ለብቻሽ ለምን ትጨርሽዋለሽ? ለኛም ንገሪን እንጂ።»

የያዝኩት የላሪ መክመርትሪን «ሎንሰም ዶቭ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ፣ ከስምንት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ። ከዚህ በፊት አንብቤው ስለነበር እየተረጎምኩ ከማነብ ይልቅ እንደ ተረት አወራው ጀመር። ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ በሚያዋስነው ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሁለት ባልንጀሮች አሉ፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ድንበር ጠባቂዎች ነበሩ። ኮል ዝምተኛና ሥራ ወዳድ ነው፤ ገስ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ። ሰሜን ጫፍ ላይ ሞንታና የሚባል ሣሩ የማያልቅ አገር አለ ሲባል ሰምተው፣ ከብቶቻቸውን እየነዱ ለመሄድ ይነሳሉ።

ሽማግሌው እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «ከብቱ የማን ነው?»

«ብዙውን ሌሊት ወንዝ ተሻግረው ከሜክሲኮ የዘረፉት ነው።»

«የሚሄዱበት አገርስ? ባለቤት የለውም?»

«አለው። ብላክፉትና ሌሎችም ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር።»

«እንግዲያው ባለቤት ያለውን ነው ባዶ ነው ያሉት» አሉና ቀጥይ በሚል እጃቸውን አነሱልኝ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የዚህን የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ትልቁን ዕዳ ነክተውታል። ከቀደሙት የካውቦይ መጻሕፍት ብዙዎቹ ምድሩን ሰው እንዳልረገጠው አድርገው ይሥሉታል፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ብቅ የሚሉት እንደ አደጋ ብቻ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ከከብት ነጂዎቹ ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ ይገምታሉ፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ አልታዩም። የምወደውን ነገር ስወድ ይህን ረስቼ አይደለም። ዕዳው እንዳለ ሆኖ፣ እነዚህ መጻሕፍት የያዙት ሌላ ሀብት አለ።

የከብት ነጂዎቹ ዘመን እጅግ አጭር ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ቴክሳስ በከብት ተጥለቅልቃ ነበር (የአሜሪካውን ታሪክ ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። እዚያ አራት ዶላር የሚያወጣ ሰንጋ ሰሜን ገበያ ሲደርስ እስከ አርባ ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ከ1867 ጀምሮ መንጋው ባቡር ወደ ደረሰበት አቢሊን፣ ካንሳስ፣ ይነዳ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የእሾህ ሽቦ የፈጠራ መብት አወጣ፤ ሜዳውም በአጥር ተከፋፈለ። የ1886ቱ የበረዶ ክረምት ደግሞ እስከ 1887 ዘልቆ በሰሜኑ ሜዳ መንጋውን ፈጀው። ነገሩ ሁሉ የቆየው ሃያ ዓመት ገደማ ነው።

የካውቦይ ልብ ወለድ የገነነው ዘመኑ ካለፈ በኋላ ነው። የዘርፉ መነሻ ተብሎ የሚጠራውን «ዘ ቨርጂኒያን» በ1902 ያሳተመው ኦወን ዊስተር የፊላደልፊያ ልጅ ነው፤ ሃርቫርድ ተምሯል፤ ወደ ዋዮሚንግ በ1885 የሄደው ለጤናው ነበር። በ1912 «ራይደርስ ኦፍ ዘ ፐርፕል ሴጅ»ን የጻፈው ዜን ግሬይ ኒው ዮርክ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ነበር። «ሼን»ን በ1949 ያሳተመው ጃክ ሼፈር ደግሞ የክሊቭላንድ ተወላጅ ነው፤ መጽሐፉን ሲጽፍ ምዕራቡን ገና በዐይኑ አላየውም። ከታወቁት መካከል አፈሩን በእግሩ የረገጠው ሉዊስ ላሞር ነው፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ማዕድን ቆፍሯል፣ የከብት ቆዳ ገፏል፣ መርከበኛ ሆኗል። አንድ ምንጭ አለ ብሎ ከጻፈ ምንጩ በቦታው እንደሚገኝና ውሃውም እንደሚጠጣ ለአንባቢዎቹ ይናገር ነበር።

የጥርስ ሐኪሙንም መርከበኛውንም ወደ አንድ ሜዳ የጠራቸው አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ዘመድና ጎረቤት በሌለበት ቦታ ሰውን ከክፉ የሚከለክለው ምንድን ነው? ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ በሕግና በይሉኝታ ተሸፍኖ ይኖራል። ሜዳው ላይ ግን ይራቆታል። አንባቢም መጽሐፉን የሚከፍተው ያንን ራቁቱን ለማየት ነው። «ሼን» ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይናገር ፈረሰኛ አንድ ገበሬ ቤት ይደርሳል። እኛ «የእግዜር እንግዳ» ብለን በር የምንከፍትለት ዓይነት ሰው ነው። ገበሬውም ይከፍትለታል። እንግዳው ሽጉጡን ሰቅሎ የእርሻ ሥራ ይይዛል፤ በመጨረሻም የበላበትን ቤት ለመታደግ ሲል የተወውን መሣሪያ መልሶ ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚያ ቤት መኖር አይችልም። የተቀበለውን የከፈለው የሚወደውን ኑሮ በማጣት ነው። ይህን ለመረዳት ዋዮሚንግን ማወቅ አያስፈልግም።

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። መንጋው የመጀመሪያውን ትልቅ ወንዝ ሲሻገር ከአየርላንድ የመጣ አንድ ልጅ እግር በመርዘኛ እባቦች መካከል ይወድቃል። ይህን ስናገር ከታች የአባይ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወሬ የያዙትም ዝም አሉ። የሁለቱ ባልንጀሮች ወዳጅ የነበረው ጄክ ከፈረስ ሌቦችና ከነፍሰ ገዳዮች ጋር ገጥሞ የተገኘበት ቦታ ስንደርስ ግን ጸጥታው ፈረሰ። ኮልና ገስ የድሮ ጓደኛቸውን ከሌሎቹ ሳይለዩ ሰቀሉት። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ «ጓደኛቸው አይደል? ሊለቁት ይገባ ነበር» ሲል፣ ሾፌሩ ዞር ብሎ «እሱን ለቀው ሌሎቹን በምን አፋቸው ይሰቅላሉ?» አለው። ክርክሩ ተቀጣጠለ። ሽማግሌው እስኪበርድ ጠብቀው «በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ነው የሚያዘው። ሕግ አስከባሪ ነበርን ብለው የለ?» አሉ።

ከዚያ ገስ ሞንታና ላይ በቀስት ተወግቶ እግሩ ይመረዝበታል። አንዱ ተቆርጧል፤ ሁለተኛውን አላስቆርጥም ብሎ ሞትን ይመርጣል። ከመሞቱ በፊት ለኮል አደራ ይሰጠዋል፤ ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሚወዳት ሴት ጋር ደስ ያለው ጊዜ ባሳለፈበት የወንዝ ዳር እንዲቀብረው። ወራት የፈጀውን መንገድ በሙሉ፣ አሁን ሬሳ ይዞ ወደ ኋላ ማለት ነው። እዚህ ስንደርስ የስልኬ ባትሪ አለቀ፤ ጨለማው ዋጠን፤ ድካሙም በረታ። ቀሪውን ለነገ ብለን ተኛን።

ጠዋት ዶዘር መጥቶ ናዳውን ጠረገ፤ ሲኖትራኩም ተጎትቶ ተነሳ። ደጀን ስንደርስ የሽማግሌው ልጆች በር ላይ እየጠበቋቸው ነበር። ዱላቸውን ይዘው ከደረጃው አንድ እግር ካወረዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አስከሬኑ ደረሰ ወይ?»

«ደረሰ፣ አባቴ። ሰው ሁሉ አበድክ እያለው፣ ሠረገላው ጠፍቶበት፣ ራሱም ቆስሎ፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቆ አደረሰው። የተባለው ቦታ ቀበረው።»

«ተመስገን» አሉና ወረዱ።

ይህ ፈጠራ ብቻ አልነበረም። ኦሊቨር ላቪንግ የሚባል ከብት ነጂ በ1867 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቆስሎ ሲሞት፣ በባዕድ አገር እንዳይቀበር የሥራ ባልደረባውን ቻርልስ ጉድናይትን አደራ ብሎት ነበር፤ ጉድናይትም አስከሬኑን ቴክሳስ፣ ዌዘርፎርድ ድረስ አምጥቶ አስቀበረው። መክመርትሪ ልብ ወለዱን የገነባው በዚህ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከአረብ አገር፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ አስከሬን ወደ አገሩ ለማስገባት ዕድርና ማኅበር ገንዘብ ሲያዋጣ የኖርን ሰዎች ነን። የሽማግሌው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳቦ ቆሎ ያዞሩት እናት ግን አልተዋጠላቸውም። ሌሊት ባወራሁት ውስጥ ኒውት የሚባል ልጅ ነበር፤ ኮል ከአንዲት ሴት የወለደው፣ አባቱ ማን እንደሆነ ያልተነገረው። «ልጁስ? አባትህ ነኝ አለው?» አሉኝ። አላለውም። ኮል ወደ ቴክሳስ ሲነሳ ፈረሱን፣ የራሱን አባት የኪስ ሰዓትና ጠመንጃውን ሰጠው፤ ስሙን ግን አልሰጠውም። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሞተው ቃሉን ጠበቀ፤ በሕይወት ላለው ልጁ ስሙን ነፈገ። የቱ ላይ ነው ታማኝነቱ?»

የአባት ስም ከራስ ስም ቀጥሎ በሚጠራበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ተሟገትንበት። እኔም የታላላቆቹን የካውቦይ ልብ ወለዶች ጉልበት ያየሁት እዚያ ሙግት ውስጥ ነው። ተራዎቹ ቃል አክባሪውን አሞግሰው ያቆማሉ፤ ታላላቆቹ የከበረው ቃል ማንን እንደጎዳ፣ ማንን እንዳስቀረ ያሳያሉ። የቻርልስ ፖርቲስ «ትሩ ግሪት» (1968) እንዲሁ ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷ ማቲ ሮስ የአባቷን ገዳይ ለመበቀል ተነስታ ታሳካለች፤ ታሪኩን የምትነግረን ግን አርጅታ፣ አንድ ክንዷን በዚያ ጉዞ አጥታ፣ ብቻዋን እየኖረች ነው። ፍትሕን አገኘች፤ ዋጋውንም ከፈለች፤ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ትነግረናለች።

እነዚህ መጻሕፍት በአማርኛ ተተርጉመው ባያቸው ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ የምመኘው ግን የራሳችንን ነው። ከጅማ ተነስቶ በጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ በጎንደር አድርጎ እስከ ምጽዋ የሚዘልቅ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበረን፤ ነጋድራሱ፣ አሞሌው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ወንዙ፣ ሽፍታው፣ በአደራ የተሰጠው ገንዘብ፤ ከዚያም በሰንሰለት የተነዳው ባሪያ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የጎጃም አፈር ትልቅ ልብ ወለድ መሸከም እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን መንገድ የሚጽፍ ደራሲ ሲነሳ፣ የነጋዴዎቹን ጀግንነትና ታማኝነት በፍቅር ይጻፍልን፤ ሸቀጡ የማን እንደነበረም፣ በሰንሰለት ስለሄደውም፣ ስሙን ስላላገኘው ልጅም በዚያው ድፍረት ይጻፍልን። አንባቢው ሁሉንም የመስማት አቅም አለው።