በስተርጅና ልጅነት

ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚይዘው ሥራ እንደየጠባዩ ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን መሳም ያዘወትራል፣ ሁለተኛው የልጅ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስና ሲመልስ ይውላል፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቹ የዋሽንግተን ወዳጆቼ፣ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ከዘመናት በፊት የወደቀውን መንግሥት በየቀኑ እንደገና ሲጥለው ይመሽበታል። እኔ ግን ዕድሜዬን በአስተማሪነት የጨረስሁ ሰው ነኝና፣ ጠመኔውን ካስቀመጥሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ ቢያስቸግረኝ፣ ስሙን ለመጥራት ያላስፈቀድሁት አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ሽማግሌም ይቀበላል ሲሉ ሰምቼ ተመዘገብሁ፤ ልጆቼም «አባባን ምን ነካው?» እየተባባሉ አዝነው ሸኙኝና፣ በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ኢሳን በሚባለው አገር፣ በያሶቶን ክፍለ ሀገር፣ በአንዲት የሩዝ ገበሬዎች መንደር እንግሊዝኛ አስተምር ዘንድ ተላክሁ።

ወደዚህ የገፋኝ አንድ አሮጌ ዕዳ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቋቋሙት የሰላም ጓድ በማግሥቱ ዓመት ወደ ታይላንድም ወደ ኢትዮጵያም መምህራን መላክ ጀምሮ ነበርና፣ ለትንሿ ከተማችንም፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቁመተ ሎጋ አሜሪካዊ ጎልማሳ ደርሷት ነበር። ያ ምስኪን ከቤቱ በወጣ ቁጥር የሰፈሩ ሕፃናት ይከተሉታል፤ ገበያ ወርዶ ስንት እንቁላል እንደ ገዛ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈር ይገባል፤ ግብዣ ተጠርቶ የሄደ እንደ ሆነ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እየተባለ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ይጎርሳል፤ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብለት ፊቱ የሚለዋወጠውንም መለዋወጥ እኛ ተማሪዎቹ በአጥር ቀዳዳ አጮልቀን እያየን እንደ ቴአትር እንስቅበት ነበር። ያን ሁሉ ሳቅ በስተርጅናዬ ከነወለዱ እከፍለዋለሁ ብዬ አላሰብሁም።

ማኅበሩ ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ አንዲት እናት ይመድባል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በሐሳባቸው የነበረው ገና ከኮሌጅ የወጣ ጎረምሳ ነውና፣ ለእኔም ያለ አንዳች ልዩነት በዕድሜ እጅግ የማስከነዳት እናት ተመደበችልኝ። መንደሩ ሁሉ «ሜ» ይላታል፤ እናት ማለት ነው፤ እኔም ሽበቴን ይዤ «ሜ» አልኋት። እሷ ደግሞ እናትነቱን እንደ ቀልድ አልተቀበለችውም። ጧት ስነሣ «በልተሃል?»፣ ወደ በሩ ስራመድ «ወዴት ነው?»፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ገላህን ታጥበሃል?» ትለኛለች፤ መልሱንም በአፍ ብቻ አታምንም፤ ፀጉሬን ትዳስሳለች። የመታጠቡም ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ከጓሮ ውሃ የሞላ የሲሚንቶ ጋን አለ፤ ሰውየው ፓካዎማ የሚሉትን ዳማ ጥለት ያለው ሽርጥ ያገለድምና፣ ጎረቤት ሁሉ በሚያልፍበት በሚያገድምበት ግልጥ ሜዳ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ሽርጡ እንዳይወድቅ ይዞ በሁለተኛው በጣሳ እየቀዳ ከራሱ ላይ ያፈስሳል። ሳሙና የሚያሻው ሦስተኛ እጅ ይፈልግ።

ይህም ሁሉ በምሥጢር አልቀረም። በመንደሩ ሹም ደጃፍ ከተተከለው ረጅም ምሰሶ ላይ የድምፅ ማጉያዎች ተሰቅለዋል፤ ጎህ ሲቀድ ሹሙ አንድ ዘፈን ካሰማ በኋላ የዕለቱን ነገር ያውጃል፦ የማዳበሪያው መምጫ ቀን፣ የሕፃናቱ ክትባት፣ የጠፋው የእገሌ ጎሽ፣ ከዚያ ቀጥሎ እኔ። «ክሩ»፣ ማለት መምህሩ፣ «ትናንት ሆዱን ታሞ ነበር፤ ዛሬ ተሽሎታል፤ ሆኖም በርበሬ የበዛበት ፓፓያ እንዳትሰጡት!» እንዲህ እያለ ገድሌ ከነተአምሩ እንደ ስንክሳር በየዕለቱ ተነበበ። በጎ ፈቃደኛ ለመንደር ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ያለ ጥርጥር የምመልስለት፣ ወሬ ይሆናል ብዬ ነው፤ ከእኔ በፊት ያ መንደር የሚያወራው ስለ ሩዝ ዋጋ ብቻ ነበር፤ እሱም እንደሚያሳዝን ሁሉም ያውቀዋል።

ከማኅበሩ ወጣቶች ሁሉ ያስበለጠኝ አንድ ትምህርት ነበር፤ እሱም የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከመሸ በኋላ ያለውን ሰዓት ከአንድ ጀምረው ይቆጥራሉና፣ ፈረንጅ ሰባት የሚለውን አንድ ቱም፣ ስምንት የሚለውን ሁለት ቱም ይሉታል። አሜሪካውያኑ ልጆች በጣታቸው ሲደምሩና ሲቀንሱ እራት ሲያመልጣቸው፣ እኔ በእናቴ ቤት እንዳለሁ ሁሉ በሰዓቱ ከማዕዱ እቀርብ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደገና ከአንድ ስለሚጀምሩ ስምምነታችን እዚያ ላይ ይፈርሳል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ቀጠሮ ያለው ሌባ ብቻ ነውና አልተጎዳሁም። የዓመቱ ነገር ይከብዳል። እነሱ ዘመናቸውን ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረው ስለሚያሰሉ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ወደ ኋላ እንቀራለን። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የተወለድሁበትን ዓመት ጠይቆኝ በሦስቱም ብነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ውሃ ጠጣ። ሜ ግን ለሒሳብ የተፈጠረች ሴት ናትና፣ ያን ጊዜ እነሱ 2562 ሲሉ አገሬ ገና 2011 ላይ መሆኗን በሰማች ጊዜ፣ ቀነሰችና «551» ብላ ቁጥሩን በልቧ አኖረችው።

ስለ ምግብ ጥቂት መቆየት ይገባል። ሩዛቸው ተጣባቂ ነው፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ጧት በቀርከሃ ማጥለያ በእንፋሎት በስሎ፣ ክራቲፕ በሚሏት ክዳን ባላት የቀርከሃ ሙዳይ ይቀርባል፤ ከዚያም በቀኝ እጅ ቆርሶ፣ አድቦልቡሎ፣ ከማባያው አጥቅሶ መጉረስ ነው። እጄን ታጥቤ ስቀርብና ሳልማር ስጎርስ ሜ ለጎረቤቶቿ «ይኸስ ወግ ያውቃል» ብላ መሰከረችልኝ። ቀጥሎ ላብ የሚሉት መጣ፤ እሱም ደቅቆ የተከተፈ ሥጋ ሆኖ በተቆላና በተወቀጠ ሩዝ፣ በሎሚ፣ በቃሪያ ዱቄትና በናና የተለወሰ ነው፤ ጥሬውን ሲሆን ሐሞት ጠብ ያደርጉበታል። ጎረቤቱ የእንግዳውን ፊት መለዋወጥ ለማየት እስከ ደረጃው ድረስ ሞልቶ ነበር፤ ክትፎ ያሳደገኝ ሰው ነኝና ሰሐኑን ጠርጌ «ጨምሩ» ስል ቴአትሩ ፈረሰባቸው። ጥሬ የወንዝ ዓሣ ሲያቀርቡልኝ ግን እምቢ አልሁ፤ ጉበት ውስጥ የሚቀመጥ ትል ያመጣል፤ ትሉም ለብዙ ዓመት የቆየ እንደ ሆነ ነቀርሳ ያስከትላል። ሐኪሞቻቸው «አብስላችሁ ብሉ» እያሉ ሳይታክቱ ይመክራሉ፤ ሕዝቡም ሳይታክት ይሰማና ጥሬውን ይበላል። በዚህ መፍረድ የሚችል ሌላ ሰው ነው፤ እኛ ኮሶ እየጠጣን ቁርጥ የበላን ሕዝብ ነን።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ተወሳሰበ። ወተትና ቅቤ በዚያ መንደር ማዕድ ስለማይታዩ ገሚሱ ቀኖና ያለ ድካም ተፈጸመልኝ። ከጨውና ከሩዝ ጋር በጋን ተከድኖ ለወራት የሚብላላው የዓሣ እርሾ፣ ፕላ ራ፣ የማይገባበት መብል የለም፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እኛን ሁሉ ያላስማማ ስለ ሆነ እኔ በዚያን ጊዜ ከሚፈቅዱት ወገን ሆንሁ። በዚያው ወራት ግን የቀይ ጉንዳን እንቁላል ይደርሳል። ይህ ጉንዳን በማንጎው ዛፍ ላይ ቅጠል ከቅጠል እየሰፋ ጎጆ ይሠራል፤ ሜ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ቅርጫት አስራ ጎጆውን ስትወጋውና ስታነቃንቀው እንቁላሉ ከነጉንዳኑ ይረግፋል፤ ጉንዳኖቹም ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ ከሥር የቆመውን ሁሉ ይነክሳሉ። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ከፍ ይላል፤ በጥርስ ሲነኩት ይፈነዳና ቅባት ቅባት፣ ኮምጠጥ ኮምጠጥ ይላል። እንቁላል ከሆነ ፍስክ ነው፤ ግን ዶሮ አልጣለችው! ሊቃውንቱ እንደሚሉት አብዛኛው እንቁላልም አይደለም፣ እጭ ነው፤ ስለ ጉንዳን እጭ ደግሞ ፍትሐ ነገሥቱን የደረሱት አባቶች ያሰቡ አይመስለኝም። ሜ ጭልፋውን ይዛ ቆማ ስትጠብቅ፣ ወደ ዋሽንግተን ለንስሓ አባቴ ደወልሁና ጥያቄውን አቀረብሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ በለሆሳስ «ልጄ፣ ለመሆኑ ያለኸው ከማን ጋር ነው?» አሉኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ባስረዳቸው ጊዜ ተንፍሰው «ብላ፤ ይኸን የሚበላ ሰው ሌላ ንስሓ አያሻውም» ብለው ፈቱኝ።

የመንደሩ ገዳም አበምኔት ጾሜን ሰምተው እጅግ ወደዱኝ። የቡድሃ መነኮሳት ጧት በባዶ እግራቸው ዞረው የተመጸወቱትን እስከ እኩለ ቀን ይመገባሉ፣ ከዚያ ወዲያ እህል አይቀምሱም፤ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ ስለዚህ በእኔና በእሳቸው መካከል የመንደሩ መዓልት ያለ አንዳች ክፍተት ተጾመ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ሁለታችንም ስለምንራብ በዚያ ሰዓት ከቅዱሱ ዛፍ ጥላ ሥር እየተገናኘን እንጨዋወት ነበር፤ ጨዋታችንም ከቀን ወደ ቀን ሃይማኖቱን እየተወ ስለ ምግብ ብቻ ሆነ።

ስለ እንግሊዝኛው ትምህርት ዝምታ ይሻላል። ተማሪዎቹ በመዝገብ የተጻፈ ከሳንስክሪት የወጣ ረጅምና ክቡር ስም አላቸው፤ የሚጠሩት ግን በቤት ስማቸው ነው፤ እሱም አሳማ፣ እንቁራሪት፣ ጎልፍ፣ ቢራ የመሰለ ነው። «ቢራ ዛሬ ለምን ቀረ?» ብዬ ስጠይቅ «አሳማን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ» ይሉኛል። ሆኖም ሰኔ ላይ መምህራን የሚከበሩበት ቀን መጥቶ፣ እነዚያው ልጆች በጉልበታቸው እየዳሁ አበባ ሲያቀርቡልኝ ልቤ ተነካ፤ አእምሮ ይስላል ሲሉ መርፌ የመሰለ አበባ፣ ዕውቀት ይስፋፋል ሲሉ ሰርዶ፣ ትሕትና ይኑር ሲሉ ወደ ምድር የሚያጎነብሰውን የደበርጃን አበባ አስረው ነበር። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለየኔታ ያቀረብሁት ጀርባዬን ብቻ ነው።

ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ቡን ባንግ ፋይ የሚሉት የሮኬት በዓል ይከበራል፤ በዚህም በዓል ከመላው ኢሳን ስመ ጥሯ ያሶቶን ናት። እንደሚተርኩት፣ የጉርጦች ንጉሥ ዝናም ከከለከለው ከሰማዩ ገዥ ከፓያ ቴን ጋር ተዋግቶ ድል ስላደረገው፣ ሰው ከምድር ሮኬት ሲተኩስ እሱ ከላይ ዝናም ይልክ ዘንድ ቃል ኪዳን ተጋቡ። እኛ እግዚኦታ እናደርሳለን፣ እነሱ ባሩድ ይተኩሳሉ፤ ታላላቆቹ ሮኬቶች 120 ኪሎ ባሩድ ይጎርሳሉ። ሮኬታቸው ከፍ ያለላቸው ይጨፍራሉ፤ የከሸፈባቸው ጭቃ ውስጥ ይወረወራሉ። የገዳሙ ሰፈር ቡድን፣ አሜሪካ ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣች አገር ናትና ይህ ሽማግሌ አንድ ነገር ሳያውቅ አይቀርም በማለት፣ እኔን የክብር አማካሪ አድርጎ ሾመኝ። ሮኬታችን ጥቂት ጢስ ተነፈሰና ከመንበሩ ሳይነሣ ዐረፈ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተማከሩ፤ መምህርን ጭቃ መጣል ነውር ነው፣ ባይጣል ደግሞ ፓያ ቴን ይቀየማል። በመጨረሻ መጥተው መዳፋቸውን ገጥመው እጅ ነሡኝ፤ ጫማዬንና መነጽሬን በአክብሮት አወለቁልኝ፤ ፈቃድ የጠየቁት ግን ሜን ነው። እሷም አንድ ጊዜ አየችኝና «ዛሬ ገና አልታጠበም፤ ጣሉት» አለች።

የአገሩ መንግሥት ሎተሪ በፈረንጅ ወር በ1ኛውና በ16ኛው ቀን ይወጣል፤ በዚህም የተነሣ በመንደሩ ቁጥር የማይወጣለት ነገር የለም፤ ሕልም፣ የመኪና ታርጋ፣ የዛፍ ቅርፊት ሁሉ ይመረመራል። ውሻ አሳዶኝ ከብስክሌት በወደቅሁ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው አሮጊት ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ለሐኪም የሚነገር መስሎኝ ነገርኋት፤ እሷም ሳታነሣኝ ወደ ትኬት ሻጩ ገሠገሠች። ሜ ግን ለእንዲህ ያለው ተራ ምልክት ንቀት ነበራት። በልቧ ያኖረችውን የዘመናት ልዩነት አውጥታ፣ በ51 የሚያልቁ ትኬቶችን እያንዳንዳቸውን በ80 ባት ገዛች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮችም እንዳለችው ወጡላትና በእያንዳንዱ ትኬት 2,000 ባት ቆጠረች። ለእኔ አንድ ዶሮ ታረደልኝ። ከዚያ ወዲያ የእጣው ዋዜማ በሆነ ቁጥር የእንግሊዝኛ ክፍሌ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው በማያውቁ ጎልማሶች ይሞላ ጀመር።

አገሬ መስከረም ላይ ዓመት ስትለውጥ ልዩነቱ ወደ 550 ይወርዳል፣ የፈረንጁ ጥር ሲገባ እነሱም ስለሚለውጡ ወደ 551 ይመለሳል፤ ይህንም ሜ ከባሕረ ሐሳብ መምህራን ባልተናነሰ ጠንቅቃ ይዛዋለች። እኔ ወደ ዋሽንግተን ከተመለስሁ በኋላ እንኳ በዕንቁጣጣሽ ሰሞን ሳትደውል አትቀርም፤ በልቼ እንደ ሆነ፣ ታጥቤም እንደ ሆነ በተራ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሃምሳው ገብቷል ወይስ ገና ነው?» ትለኛለች።