ኪራይ የማይከፍለው ደባል

የሸዋ ነገሥታት ዙፋናቸውን አንኮበር ብርዱ ላይ፣ ገበያቸውን ከሥሩ አሊዩ አምባ ሙቀቱ ላይ አደረጉ። ነገሥታት ቤት አይከራዩማ!

ዛሬ ከቆላ ወጥቶ ደጋ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው ደባል እንዳለበት የሚያውቀው ክረምት ሲገባ ነው፤ ሻጋታ። አከራዩ መድኃኒት አያጡም፦ «መስኮት ክፈት!» ሲከፈት ጉሙ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲዘጋ የድስቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የሚያፈስ ጣራና ውሃ የሚስብ መሠረት ሳይጠገን ግድግዳው ኖራ ይቀባል፤ ጥቁሩም ተመልሶ ብቅ ይላል።

ደግነቱ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። የታሰበው ለተከራዩ ነበር፤ ሻጋታውም በሕግ ጥላ ሥር 2 ክረምት ተደላድሎ ይኖራል። ቤተሰብ ሲያበዛም «ኪራይ ጨምር» የሚለው የለም።