እሱ ያፋጫል፣ እኛ እናነጋለን

አርባ ምንጭ ላይ እንቅልፍ ለማጣት ሰበብ አይቸግርም። ሙቀቱ አለ፣ የወባ ትንኟ አለች፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የእንቁራሪቱ ጩኸት አለ። ለሙቀቱ መስኮት ይከፈታል፣ ለትንኟ አጎበር ይዘረጋል፤ እንቁራሪቱም ቢሆን ይለመዳል። በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው ግን የሚከፈትም የሚዘረጋም ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ሲያንቋቋ ያድርና ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ «ደህና አደራችሁ?» ይለናል። ምን ብለን እንመልስለት?

ይህ የአንድ ቤት እሮሮ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ኩልፎ ግቢ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚተኛ ተማሪ ያውቀዋል፤ ሴቻና ሲቀላ ሰፈር ለሁለት ለሦስት ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ያውቁታል፤ ሚስቶችማ አይነሣባቸው። ወንጌል ጥርስ ማፋጨትን ያስቀመጠው በውጭ ባለው ጨለማ ነው፤ እኛ ያገኘነው ከራስጌያችን ሥር ነው። ከመቶ አዋቂ ስምንቱ ገደማ በእንቅልፉ እንደሚያፋጭ ይገመታል፤ በልጆች ላይ ይበዛል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዶርም አንድ አፋጭ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ሁልጊዜ የእኔ አልጋ ከእሱ በላይ መሆኑ ነው።

ከድምፁ ይልቅ የሚያደክመኝ ግን መካሪው ነው። «ወስፋት ነው፣ ኮሶ ይጠጣ» ይላሉ እማማ። «የቋጠረው ቂም አለ» ይላል ጎረቤት። «ጸበል ውሰዱት» የሚልም አይጠፋም። ሌላው ደግሞ፣ «ቀስቅሱት፣ ይተዋል» ይላል። ቀሰቀስነው። «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ተቆጣና ገልበጥ ብሎ በሌላው ጎኑ ቀጠለ።

ወስፋት በአካባቢያችን ልጆች ሆድ ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ በየትምህርት ቤቱ የትል ኪኒን የሚታደለውም ለዚሁ ነው። ኪኒኑ ለትሉ ይሰጥ። ማፋጨቱን ያስቆማል የሚለውን ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው አልተስማሙበትም። አፋጩ ልጅ ሲሆን ደግሞ የወተት ጥርሱ በቋሚ እየተተካ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተወዋል። ምን ባጠፋ ነው ሆዱ በኮሶ የሚታመሰው?

የአዋቂው ነገር ሌላ ነው። እንቅልፉ ሳሳ በሚልበት፣ አንጎል ለቅጽበት ነቃ በሚልበት ሰዓት የመንጋጭላ ጡንቻዎቹ ይኮማተራሉ። ባለቤቱ አያዝበትም፤ እዚህ ላይ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ከመተኛቱ በፊት ባለው ነው። ጭንቀት፣ ቡና፣ ሲጋራና መጠጥ ማፋጨትን እንደሚያባብሱ ይታወቃል። የእኛ ሰው ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ በላዩ ቡና፣ ሲመሽ ደግሞ መርቅኛለሁ ብሎ ለጨብሲ አረቄ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አምፌታሚን ደግሞ መንጋጭላ በማስነከስ የታወቀ ነው። ቀን ቅጠል፣ ሌሊት ጥርስ! ይህን ሁሉ ትቶ የእማማን ወስፋት ተጠያቂ ማድረግ ነውር ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ማፋጨት ያመጣሉ፤ ያንን ግን ካዘዘው ሐኪም ጋር መነጋገር እንጂ በራስ ማቋረጥ አይገባም። የሚያንኮራፋና መሀል ላይ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚባንን ከሆነም ቅድሚያ የሚታየው ትንፋሹ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን መንጋጭላውን እየዳበሰ ጥርስ ክሊኒክ ይሄዳል። «ጥርሴን አመመኝ» ይላል። አፉን ይከፍታል፣ ጥርሱ ይነቀላል፣ ይመለሳል። የዚያኑ ሰሞን በቀሩት ማፋጨቱን ይቀጥላል።

መሠራት የነበረበት ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ልክ ወስዶ ሌሊት የሚጠለቅ መከላከያ ከጠንካራ አክሪሊክ ያሠራለታል። እውነቱን እንነጋገር፣ ይህም ቢሆን ማፋጨቱን አያድንም፤ ጥርሱ በመሟጠጥ ፈንታ ፕላስቲኩ ይሟጠጣል እንጂ። ለእኛ ግን ድምፁ ይቀንስልናል፤ ይህ ብቻውን ምርቃት ያስገኛል። ችግሩ የአገራችን የጥርስ ሐኪሞች ጥቂት መሆናቸው፣ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ መከማቸታቸው ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚነከስ ለስላሳ ጎማ በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ከምንም ይሻላል፤ ለስላሳነቱ ግን አንዳንዱን ሰው ጭራሽ እንዲያኝክ ይገፋፋዋል።

ቦቶክስም አለ ይሉናል። መርፌው የመንጋጭላን ጡንቻ ለሦስት አራት ወር ያደክማል፤ ከዚያ እንደገና መወጋት፣ እንደገና መክፈል። ለቤት ኪራይ ለሚጨነቅ ሰው ይህን ማውራት ራሱ ጥርስ ያስፋጫል። «ጥርስህ አልገጠመም፣ እንሞርደው» የሚል ካጋጠመ ግን እንቢ ይበል፤ ማፋጨትን ለማዳን የሚያዋጣ ማስረጃ የለውም፣ የተሞረደ ጥርስም ተመልሶ አይበቅልም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አፋጩ የራሱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሲነግሩት ይስቃል፣ በስልክ ቀድተው ሲያሰሙትም «እኔ አይደለሁም» ይላል። ስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ ከጫት በኋላ እንደሚብስ፣ ትንፋሹ ይቆረጥ እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። እኛን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም። የጥርስ ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ፣ ጉጠቱን ከማንሳታችሁ በፊት «አብሮህ የሚያድረው ማነው?» በሉትና አስገቡን። ደጅ ወንበር ላይ እያንጎላጀን ነው።